በቤሳ መጀመር

(ባሕር ዳር ላይ ስለ መዳብ ሳንቲም መሰብሰብ ለወጣቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተነሡት ጥያቄዎችም ጥቂቶቹን አስገብቻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ሙቀት ከሐይቁ ዳር ነፋስ ተነጥላችሁ እዚህ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

"ቤሳ ቤስቲን የለኝም" ያላለ ሰው እዚህ ውስጥ አለ? የለም። እኔም ወር ሲያልቅ እላለሁ። ቤሳን በዓይኑ ያየ ግን እጁን ያውጣ። ሦስት ሰው። ይኸው፣ ይቺ ናት። ከፊት ወደ ኋላ አሳልፏት። ጠርዟን ይዛችሁ ተመልከቷት እንጂ ፊቷን በጣታችሁ አትንኩት። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

በእጃችሁ የያዛችኋት የአፄ ምኒልክ ቤሳ ናት። በአንድ በኩል የንጉሡ ምስል፣ በሌላ በኩል አንበሳ አለባት። የመዳብ ሳንቲም ናት። ዓመተ ምሕረቱ በግእዝ ቁጥር ተጽፏል፤ ፲፰፻፹፱፣ ማለትም 1889። ምኒልክ ምስላቸው ያለባቸውን የመጀመሪያዎቹን ሳንቲሞች ያስመቱት ፓሪስ ነው። 1887 የሚል የተጻፈባቸው የብር ሳንቲሞች ናቸው። ከዚያ በፊት አገሩ የሚገበያየው በአሞሌ ጨውና በጠገራ ብር ነበር። አሁን አስቡት። አንዲት ሴት ገበያ ወጥታ አንድ እፍኝ በርበሬ መግዛት ትፈልጋለች። ጠገራ ብር አይሰበር፣ አይቆረስ። አሞሌው ዝናብ ካገኘው ይሟሟል። ብሩ ወደ አላድ፣ ወደ ሩብ፣ ወደ ተሙን፣ ወደ መሐለቅ ቢዘረዘርም ለዚያች እፍኝ በርበሬ ያ ሁሉ ትልቅ ነው። ቤሳ የመጣችው ለእሷ ነው። ስሟ እንኳ ከሕንድ ገንዘብ ስም ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው።

እኔ መዳብ የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። ወርቅ ይደበቃል። ብር ይቀለጥና መስቀል ወይም አምባር ይሆናል። መዳብ ግን ከእጅ እጅ ሲዞር ነው የሚኖረው። ቅቤ የነካው እጅ ይዞታል፣ አፈር የነካው እጅ ይዞታል፣ ሕፃን ልጅ አፉ ውስጥ ከቶታል። የድሃ ገንዘብ ስለነበረ ዛሬም ዋጋው ብዙ አይደለም። ትንሽ ገንዘብ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም።

ግን አንድ ነገር ከአሁኑ ልንገራችሁ። ርካሽ ሳንቲም ያለ ታሪኩ ርካሽ ሆኖ ይቀራል። ከማን እጅ እንደመጣ፣ የትና መቼ እንደተገኘ የተጻፈበት ሳንቲም ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ደግሞ እስክሪብቶና ወረቀት ይበቃል። ዛሬ የማወራው በሙሉ ወደዚህ ነው የሚመጣው።

ከየት ልጀምር ለሚል ሰው መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከ1936። የአፄ ኃይለ ሥላሴ የ1936 ሳንቲሞች ማለቴ ነው። አያቶቻችሁ ቤት አሉ። የመዳቦቹ ዓይነት አራት ብቻ ናቸው፤ አንድ፣ አምስት፣ አሥርና ሃያ አምስት ሳንቲም። ሃምሳው ብር ስለሆነ ለጊዜው ተዉት። አራት ሳንቲም ስትይዙ አንድ ሙሉ ስብስብ አላችሁ ማለት ነው። ጀማሪ ሰው አንድ ነገር ሞልቶ ማየት አለበት። ካልሞላለት ይሰለቻል።

የእነዚህን ሳንቲሞች ቀን ማንበብ ራሱ ደስ ይላል። ሰሌዳው ላይ ልጻፈው፤ ፲፱፻፴፮። አሥር፣ ዘጠኝ፣ መቶ፣ ሠላሳ፣ ስድስት። አሥራ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስድስት። የግእዝ ቁጥር ትምህርት ቤት ተምረን ወዲያው እንረሳዋለን። ሳንቲም የያዘ ልጅ ግን አይረሳውም። የእኔ ልጆች የግእዝ ቁጥር ያወቁት በዚህ ነው።

አሁን እንቆቅልሽ። ይህ ሳንቲም በየትኛው ዓመት ተሠራ? ሁላችሁም 1936 አላችሁ። ልክ ላይሆን ይችላል። የገንዘቡ አዋጅ የወጣው ሐምሌ 1937 ነው። ሳንቲሙ ደግሞ እስከ ንጉሡ ዘመን መጨረሻ ድረስ ሲመታ ኖሯል። ፊላደልፊያ ተመትቷል፣ እንግሊዝ አገር ተመትቷል። ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ማለት ነው። ቀኑ ግን አልተቀየረም፤ ሁሉም 1936 ይላሉ። ጠገራ ብርም እንዲሁ ነበር። ምስሏ ያለበት የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሞተች። ብሯ ግን ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ተመታ፣ ቀኑ 1780 እንዳለ ነው። ሰው የለመደውን መልክ ነበር የሚያምነው። ስለዚህ ከአያታችሁ ሳጥን የወጣው 1936 በ1940ዎቹ የተመታ ሊሆን ይችላል፣ በ1960ዎቹም ሊሆን ይችላል። ሳንቲሙ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ያስቀመጠው ሰው ነው። ጠይቁ፣ ጻፉ የምለው ለዚህ ነው።

ሃያ አምስቱ፣ ማለትም ስሙኒው፣ የራሱ ጣጣ አለው። መጀመሪያ የወጣው ድፍን ክብ ነበር። መጠኑ ከሃምሳ ሳንቲሙ ከሽልንጉ ጋር ይቀራረባል። አንዱ መዳብ ነው፣ አንዱ ብር ነው። ብልጣ ብልጦች መዳቡን ብር ቀብተው ሽልንግ ነው ብለው ማሳለፍ ጀመሩ። መንግሥት ምን አደረገ? የስሙኒውን ጠርዝ እንደ አበባ ቅጠል ሞገድ አወጣለት። ከዚያ በኋላ ጨለማ ውስጥ በጣት ዳስሶ መለየት ተቻለ። ስለዚህ ስሙኒ ስታገኙ መጀመሪያ ጠርዙን እዩ። የምታገኙት አብዛኛው ጊዜ ሞገደኛው ነው። ክቡን ያገኘ ሰው እንኳን ደስ ያለው።

የት ይገኛል? መጀመሪያ ቤታችሁ። የልብስ ስፌት መኪና መሳቢያ ውስጥ እዩ። አልቀለድኩም። ቁልፍ፣ መርፌ፣ የተሰበረ ዚፕና አሮጌ ሳንቲም የሚጠራቀሙት እዚያ ነው። የእማማን ሙዳይ አስፈቅዳችሁ እዩ። የአባባን የድሮ ኮት ኪስ እዩ። የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ሳንቲም መሐሉ ተበስቶ ሮንዴላ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለ አንድ አለኝ። ብስ ስለሆነ ዋጋ የለውም ይሉኛል። ለእኔ ግን ሮንዴላ የጠፋበትን ጊዜ የሚናገር ስለሆነ አልጥለውም።

ቀጥሎ ቁራሌው። በየሰፈሩ እየጮኸ የሚዞረው ልጅ ከማናችንም በላይ አሮጌ ብረት በእጁ ያልፋል። ወዳጁ ሁኑ። "መዳብ ሳንቲም ካገኘህ ከመሸጥህ በፊት አሳየኝ" በሉት። በኪሎ ከሚያገኘው ትንሽ ጨምሩለት። እሱም ይጠቀማል፣ ሳንቲሙም ከመቅለጥ ይተርፋል። እኔ ካሉኝ የ1936 አሥር ሳንቲሞች ውስጥ ጥሩዋ የመጣችው በዚህ መንገድ ነው። ቅዳሜ ገበያም አሮጌ ዕቃ ዘርግተው የሚሸጡ አሉ። ጠዋት ሂዱ፣ ረጋ በሉ፣ ያየ ሁሉ አይገዛም። ሐይቁ ዳር ለቱሪስት የሚሸጡት ዘንድ ሳንቲም ይገኛል፤ ግን የሚጠራው ዋጋ ለቱሪስት ነው።

አሁን ስለ ዘጌ ላውራ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንግዳ ይዤ ወደ ዘጌ ተሻገርኩ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አየን። ዕቃ ቤቱ ውስጥ የነገሥታቱን ዘውድ አየን። ስንመለስ በቡናው ጥላ ሥር ከአንዲት እናት ቤት ቡና ጠጣን። ወሬ ወሬን አመጣና ሳንቲም እንደምሰበስብ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ተነሡ። ከውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘው መጡ። ፈቱት። ሰባት የአምስት ሳንቲም መዳቦች ነበሩ፤ ሁሉም 1936።

"እማማ፣ ይሸጡልኛል?" አልኳቸው።

"አልሸጥም። ይሄ የቡና ነው።"

"የቡና ማለት?"

"ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ቡናውን በታንኳ ጭኖ ባሕር ዳር ይወስድ ነበር። ሽጦ ሲመለስ ከብሩ ላይ አንድ አምስት ሳንቲም ለእኔ ይሰጠኛል። 'ይቺ ለጨው' ይለኛል። ጨው ያልገዛሁባቸው ናቸው።"

ብዙ ቆየሁ። ስለ ታንኳው ጠየቅሁ፣ ደንገሉ እንዴት እንደሚታሰር ጠየቅሁ፣ ማዕበል ሲነሣ ምን ያደርጉ እንደነበር ጠየቅሁ። ስነሣ አንዷን አውጥተው በእጄ ላይ አስቀመጧት። "አንተ ልጅ፣ ስላዳመጥከኝ ውሰዳት። ግን እንዳትሸጣት" አሉኝ። ጀልባው ላይ ሆኜ ያሉትን በሙሉ ጻፍኩ። ያቺ ሳንቲም ፊቷ ተፍቆ አልቋል። የንጉሡ አፍንጫ እንኳ አይታይም። ሰብሳቢ ቢያያት በነጻም ላይወስዳት ይችላል። ካለኝ ሁሉ ግን መጨረሻ የምለየው ከእሷ ነው። የጻፍኩባት ወረቀት ባይኖር ግን እኔ ካለፍኩ በኋላ ልጆቼ ከሌላው ሳንቲም ለይተው አያውቋትም ነበር።

አሁን ወደ አንድ ጥፋቴ ልምጣ። ፊቷን አትንኩት ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

የመጀመሪያ ቤሳዬን ያገኘሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። አጎቴ ነው የሰጠኝ። ቡናማ ነበረች፣ ወደ ጥቁር ያደላች። ለእኔ ቆሻሻ መሰለችኝ። እናቴ የነሐስ ዕቃ በሎሚና በአመድ ስትፈትግ አይቻለሁ። እኔም ቤሳዋን በሎሚና በአመድ ፈተግኳት። እንደ አዲስ ድስት አበራች። በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ የሳንቲም ዐዋቂ ለነበሩ አንድ አዛውንት ወስጄ አሳየኋቸው። ትንሽ አዩዋት። ምንም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። "ልጄ፣ ያጠብከው ቆሻሻውን አይደለም፤ ዕድሜዋን ነው" ብለው መለሱልኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያቺ ቤሳ አሁንም አለችኝ፣ ግን ፊቷ ላይ የአመዱ ጭረት አለ። አይመለስም።

ያ ቡናማ ቀለም ቆሻሻ አይደለም። መዳብ በአየር ውስጥ ሲኖር የሚያወጣው ቆዳው ነው። ከሥሩ ያለውን ብረት ይጠብቀዋል። ሎሚ አሲድ ነው፤ ቆዳውን ይገፈዋል። አሸዋና አመድ ደግሞ ፊደሉን ይበሉታል። ስለዚህ ኮካ ኮላ፣ ኮምጣጤ፣ ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሽቦ፣ ሁሉም ይቅር። አፈር የያዘ ከሆነ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ጋራዦች ለባትሪ የሚጠቀሙበት የተጣራ ውሃ ጥሩ ነው። አሲዱን አይደለም፣ ውሃውን ነው የምላችሁ። በየቀኑ ውሃውን ቀይሩ። ቀናት ይውሰድ፣ አትቸኩሉ። ከዚያ ሳትፈትጉ በለስላሳ ጨርቅ ጠጋ ጠጋ እያደረጋችሁ አድርቁት።

አረንጓዴም ሁለት ዓይነት ነው። ጠንካራ፣ ለስላሳ፣ ከሳንቲሙ ጋር የተዋሐደ አረንጓዴ ከሆነ ችግር የለም፤ እንዲያውም ያምራል። ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት የሚመስል፣ ሲነኩት የሚበን፣ ጠርገውት ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ ግን በሽታ ነው። ጨውና እርጥበት ሲገናኙ መዳቡን ከውስጥ ይበሉታል። የእጃችን ላብም ጨው አለበት። እንዲህ ያለውን ሳንቲም ወዲያው ከሌሎቹ ለዩት፤ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።

እኛ ባሕር ዳሮች ደግሞ የሐይቅ ሰዎች ነን። ክረምት ሲገባ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ጫማ ሻጋታ ያወጣል። ሳንቲምም ይሠቃያል። መፍትሔው ውድ አይደለም። አዲስ ጫማ ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ የምትገኘው፣ እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አለች አይደል? አትጣሏት። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ ከሳንቲሞቹ ጋር አስቀምጧት። እያንዳንዱን ሳንቲም በየራሱ ትንሽ የወረቀት ፖስታ አድርጉ። ለስላሳው የፎቶ አልበም ላስቲክ አይሁን። እሱ በጊዜ ብዛት ይቀልጥና በመዳቡ ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይተዋል። ፖስታው ላይ መጀመሪያ ጻፉ፣ ከዚያ ሳንቲሙን ክተቱ። ከከተቱ በኋላ መጻፍ ሳንቲሙን ይጭረዋል።

ስለ ደርግ ሳንቲሞች ብዙ አልልም። 1969 የሚሉት ናቸው። አንድ ሳንቲሙ አሉሚኒየም ነው፤ በላዩ በበሬ የሚያርስ ገበሬ አለ። አምስቱና አሥሩ ቢጫ ነሐስ ናቸው፤ አምስቱ ላይ ወታደር፣ አሥሩ ላይ ኒያላ። እነዚህን ከኋላ ከተመቱት ለመለየት ከተሰበረ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይበቃችኋል። ኋላ የተመቱት ውስጣቸው ብረት ስለሆነ ማግኔቱ ይስባቸዋል። እውነተኛ መዳብ ወይም ነሐስ አይሳብም። መዳብ ነው ተብሎ የቀረበላችሁ "ቤሳ" ማግኔት ላይ ከተጣበቀ፣ አመስግናችሁ ሂዱ።

በአፄ ኃይለ ሥላሴ መጀመሪያ ላይ የወጡ፣ 1923 የሚሉ የአንድና የአምስት መቶኛ (የብር መቶኛ ክፍል) መዳቦችም አሉ። እነዚህ ቁጥራቸው ከ1936ቱ ያነሰ ነው። ሁለተኛ ዓመታችሁ ላይ አስቡባቸው።

በጀቱስ? እኔ በወር ሦስት መቶ ብር መድቤ ነው ብዙ ጊዜ የቆየሁት። ባልገዛሁበት ወር ገንዘቡ ይጠራቀማል። የመጀመሪያው ገንዘብ ለሳንቲም አይውልም። ለአጉሊ መነጽር ይውላል። ፊደል ሳታነቡ የገዛችሁት ሳንቲም ያታልላችኋል። ከዚያ አሥር የተፋቀ ሳንቲም ከመግዛት አንድ ፊደሉ የሚነበብ ግዙ። የተፋቀውንስ? የተፋቀው ታሪክ ይዞ ሲመጣ ብቻ። የዘጌዋን አስታውሱ።

አንድ ከባድ ጉዳይ ቀረ። የአክሱም ሳንቲም።

አክሱም በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፣ በሦስተኛው መቶ ዓመት ገደማ፣ የራሷን ወርቅና ብር መምታት ጀመረች። መዳቡ ከእሱ በኋላ ተከተለ። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ሳንቲሙ ላይ የነበረችውን ጨረቃ አንሥቶ መስቀል አስቀመጠ። ከመዳቦቹ አንዳንዶቹ መስቀላቸው ዙሪያ ወርቅ ተለብጦባቸዋል። የጥፍር ያህል መዳብ ላይ ወርቅ ያስገባ እጅ ምን ዓይነት እጅ እንደነበር ሳስበው ይገርመኛል። ታዲያ አምሮኝ አያውቅም ብል ውሸት ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ነጋዴ የአክሱም ነው የተባለ መዳብ ገዛሁ። ሦስት ወር ያጠራቀምኩት ነበር። ቤት ስገባ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ስስ መስመር ነበረበት፤ ሁለት ቅርጽ የተጋጠመበት። ፊቱ ላይ የአየር አረፋ ቀዳዳዎች ነበሩበት። ተመትቶ ሳይሆን ቀልጦ ፈስሶ የተሠራ ነበር። በጣም አዘንኩ። ኋላ ግን ሳስበው እውነተኛ ቢሆን የባሰ ነበር። እውነተኛ የአክሱም ሳንቲም ከመሬት የወጣ የአገር ቅርስ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ስለዚህ አክሱምን ሙዚየም ሄዳችሁ እዩ። ከገዳማቱና ከአብያተ ክርስቲያናቱ ወጣ የሚባል ነገርም ቢቀርብላችሁ አትግዙ። እዚያ የተቀመጠው ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው።

ወደ ጥያቄ እንሂድ።

አንድ ወጣት ወንድሜ "ጋሼ፣ ወደፊት ዋጋው ይጨምራል ብዬ ብሰበስብስ?" ብሎ ጠየቀ። ለትርፍ ከሆነ ቡና ነግድ አልኩት። ቡና በየዓመቱ ይሸጣል። ሳንቲም ሃያ ዓመት ይዘኸው ገዢ ላታገኝ ትችላለህ።

ሌላዋ "ቤተሰቤ የድሮ ሳንቲም ነበራቸው፣ ሸጠውታል። አሁን ምን ልሰብስብ?" አለች። ቤት ውስጥ የነበረውን የሚያስታውስ ሰው ካለ፣ ሳንቲሙ ባይኖርም ወሬውን ጻፊ አልኳት። አንድ ቀን ተመሳሳዩን ስታገኚ ወሬው ይጠብቅሻል።

መጨረሻ ላይ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ተነሣች። ከመሀረቧ ውስጥ አንድ ሳንቲም አወጣች። "እቴቴ ናት የሰጠችኝ። ስንት ሳንቲም እንደሆነ አላውቅም" አለችኝ። ወደ መስኮቱ ወሰድናት። ጠርዟ ሞገድ አልነበረውም። ድፍን ክብ ናት፣ መዳብ ናት። ቁጥሩን አብረን አነበብን። አሥር፣ ዘጠኝ፣ መቶ፣ ሠላሳ፣ ስድስት። ከሥሩ ያለውን ፊደል እሷ ራሷ በአጉሊ መነጽሩ አነበበችው፤ ሃያ አምስት ሳንቲም። ክቡ ስሙኒ ነበር።

አዳራሹ አጨበጨበላት። እኔ ፖስታና እስክሪብቶ ሰጠኋት። "እቴቴ ከየት እንዳገኘችው ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"አላውቅም። ማታ እጠይቃታለሁ" አለች። ፖስታው ላይ የእቴቴን ስምና የዛሬውን ቀን ጻፈች። ከሥሩ ሦስት መስመር ባዶ ተወች።